የእንግዳ ማረፊያው ድረ ገጽ ቁልፍ በማን እጅ ነው?

ገና ሊደርስ አምስት ቀን ሲቀረው አርባ ምንጭ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ገጻችን ጠፋ! ስከፍተው የሰው ማስታወቂያ ነው የሚያሳየኝ» አለች። እኔ ዋሽንግተን አካባቢ ሥራ ላይ ነበርኩ። ሰባት ክፍሎች ያሉት እንግዳ ማረፊያዋ የሚኖረው ጫሞ ሐይቅንና ነጭ ሳር ፓርክን ለማየት በሚመጣ እንግዳ ነው፤ ከዚያ እንግዳ ብዙው ክፍል የሚይዘው በድረ ገጹ በኩል ነው።

ነገሩ ሲጣራ የድረ ገጹን አድራሻ የገዛልን ባለሙያ በራሱ ስምና በራሱ ኢሜይል አስመዝግቦት ኖሯል። በኋላ ሥራ ሲቀይር ኢሜይሉን ተወው። «ክፍያ ይታደስ» የሚሉት ማሳሰቢያዎች ማንም በማይከፍተው ሳጥን ውስጥ ሲጠራቀሙ ጊዜው አለፈ። ሰውየው ክፋት አላሰበም፤ እኛም በማን ስም እንደተመዘገበ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅንም። አፈላልገን አግኝተነው አድራሻው የተመለሰው ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው። የዓመቱ ዋና የእንግዳ ወቅት በዚያው አለፈ።

ስለዚህ አገር ቤት ላለ ዘመድ ድረ ገጽ የምታስተዳድሩ ሁሉ፣ ስለ ገጹ መልክና ቀለም ከማሰባችሁ በፊት ይህን አጣሩ፦ አድራሻው በማን ስም ነው? ማሳሰቢያው ወደ የትኛው ኢሜይል ይሄዳል? የሚከፈለውስ ከየትኛው ካርድ ነው? ስሙ የንግዱ ባለቤት ስም ይሁን። ኢሜይሉ ሁለታችሁም የምትከፍቱት ይሁን። ካርዱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የእናንተ ነው የሚሆነው፤ በብር ካርድ ለውጭ ድርጅት መክፈል ስለሚያስቸግር ይህ ሸክም ውጭ ባለው ዘመድ ትከሻ ላይ ይወድቃል። በራሱ እንዲታደስ አድርጉት፤ ካርዳችሁ ሲቀየር ደግሞ አዲሱን ቁጥር ማስገባት አትርሱ።

በዶት ኮም የሚያልቅ አድራሻ ጊዜው ቢያልፍም ወዲያው ለሌላ ሰው አይሰጥም። አድራሻውን የሸጠላችሁ መዝጋቢ ድርጅት ጊዜው ሊያልቅ አንድ ወር ገደማ ሲቀረው አንድ ጊዜ፣ አንድ ሳምንት ገደማ ሲቀረው ደግሞ ሌላ ጊዜ እንዲያሳስብ ግዴታ አለበት። ካለፈ በኋላም እንደ ድርጅቱ አሠራር እስከ 45 ቀን ድረስ ማደስ የሚቻልበት ጊዜ ሊኖር ይችላል። ከተሰረዘ በኋላ ደግሞ ባለቤቱ ከፍ ያለ ቅጣት ከፍሎ የሚያስመልስበት 30 ቀን አለ። ከዚያ ወዲያ አድራሻው ቀድሞ ለደረሰ ለማንኛውም ሰው ነው። አንድ ጊዜ እስከ 10 ዓመት ድረስ መክፈል ይቻላል፤ እኔ ከዚያ የገና በዓል በኋላ የአምስት ዓመት ከፍዬ ተገላገልኩ። በዶት ኢቲ የሚያልቀውን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ስለሆነ ጉዳዩን አገር ቤት ያለው ዘመድ ይያዘው።

ሁለተኛው ነገር የሥራ ክፍፍል ነው። ከሩቅ ሆኖ ሁሉን ነገር ልያዝ ማለት ስህተት ነው፤ እኔ ሁለት ዓመት ያህል ሞክሬዋለሁ። ክፍል ሞልቶ ሳለ ገጹ «ክፍት አለ» ይላል፤ ዋጋ ተለውጦ ሳለ የድሮው ይታያል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ብዙም ሳይቆይ ከ100 አለፈ። የእኛ ገጽ ግን የድሮውን ዋጋ ይዞ ከረመ፤ እህቴ ከእያንዳንዱ እንግዳ ጋር ስትከራከር ቆየች። አሁን ዋጋው በአንድ ገጽ ላይ ብቻ ይጻፋል፤ ከሥሩ የተሻሻለበት ቀን አለ፤ የምትለውጠውም እሷ ናት፣ በስልኳ። ገጹ የተሠራበት ዎርድፕረስ የተባለው ፕሮግራም ለእያንዳንዱ ሰው የተለያየ ሥልጣን መስጠት ያስችላል። ለእሷ ጽሑፍና ፎቶ የመለወጥ ሥልጣን ይበቃታል፤ ዋናው ቁልፍ ለብቻው ይቀመጥ።

ሰዓት ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። እህቴ በእንግሊዝኛው ገጽ ላይ የመግቢያ ሰዓቱን «8» ብላ ጽፋው ነበር፤ ከቀኑ 8 ሰዓት ማለቷ ነው። አንድ ቀን ጠዋት በ2 ሰዓት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ልክ 8 ሲሆን፣ ባልና ሚስት ሻንጣቸውን እየጎተቱ በሩ ላይ ቆሙ። በያዙት ክፍል ውስጥ የማታው እንግዳ ገና ተኝቷል። በረንዳ ላይ አስቀምጣ ቡና አፈላችላቸው፤ ስድስት ሰዓት ግን በቡና አይገፋም። አሁን በአማርኛው ገጽ «ከቀኑ 8 ሰዓት»፣ በእንግሊዝኛው 14፡00 ተብሎ ተጽፏል። የስልክ ቁጥሩንም በዚሁ ዓይን እዩት፦ በ09 ወይም በ07 ከተጻፈ ውጭ ያለ ሰው መደወል አይችልም። ዜሮውን አንስታችሁ በ+251 ጀምሩት።

ማሻሻያን በተመለከተ፣ ዎርድፕረስም ሆነ ተጨማሪ ሥራ እንዲሠራ በላዩ የሚጫኑት ትንንሽ ፕሮግራሞች (ፕለጊኖች) በየጊዜው ካልታደሱ ለሰርጎ ገቦች በር ይከፍታሉ። የማትጠቀሙበትን ፕለጊን አጥፉት። ከማደሳችሁ በፊት ሙሉ መጠባበቂያ ቅጂ ወስዳችሁ ገጹ ከሚቀመጥበት ኮምፒውተር (ሰርቨር) ውጭ አስቀምጡ፤ አለዚያ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሆናል። እኔ በአሜሪካ የብርድ ወራት ሰኞ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ነው የማድሰው። አርባ ምንጭ ያኔ ማክሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት ነው፤ እህቴ ነቅታለች፣ በራሷ ስልክ ከፍታ የተበላሸ ነገር ካለ ትነግረኛለች። የአሜሪካ ሰዓት ሲቀየር ልዩነቱ ከስምንት ወደ ሰባት ሰዓት ይወርዳል።

በእሷ ስልክ መታየቱ ዋና ነገር ነው። በቤቴ ኢንተርኔት በቅጽበት የሚከፈተው ገጽ በእሷ የሞባይል ዳታ ደቂቃ ሲፈጅ አይቻለሁ። ጥፋቱ የፎቶዎቹ ነበር፤ ከስልክ እንደተነሱ አራት አራት ሜጋባይት ይዘው ተጭነዋል። ከ300 ኪሎባይት በታች አሳንሼ መልሼ ጫንኳቸው፤ የሐይቁ ውበት ምንም አልጎደለበትም።

የይለፍ ቃሉን በቴሌግራም አትላላኩ። ሲገባ የሚጠየቀው ማረጋገጫ ኮድ በአጭር መልእክት ወደ አንድ ሰው ስልክ ብቻ የሚሄድ ከሆነ፣ ያ ስልክ የጠፋ ዕለት ሁላችሁም ውጭ ትቀራላችሁ። በመተግበሪያ የሚሠራውን ምረጡ፤ ለክፉ ቀን የሚሰጡትን መጠባበቂያ ኮዶችም በወረቀት አትሙ።

እኔ ብታመም ወይም ብሞት እህቴ ማንን ትጠይቃለች ብዬ ማሰብ የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። ባለፈው አገር ቤት ስሄድ አድራሻው የት እንደተመዘገበ፣ ሰርቨሩ የማን እንደሆነ፣ ክፍያው መቼ እንደሚያልቅና መጠባበቂያ ኮዶቹን በአንድ ገጽ ጽፌ በፖስታ አሸግኩ። እህቴ ተቀብላኝ ቁም ሳጥኑን ከፈተችና የቤቱ ካርታ ካለበት ፋይል ውስጥ አስቀመጠችው።