በአውሮፕላን ጎንደር ሲሄዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የጎንደሩ አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ እንደ ቦሌ በር ፍለጋ የሚያዞር አይደለም። ከአዲስ አበባ በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ወርደው ሻንጣዎን ይዘው መውጣት ነው። ሰው የሚጉላላው በማረፊያው ምክንያት አይደለም። አብዛኛው ጣጣ የሚጀምረው ገና ቤት ሳሉ፣ ቲኬቱ ሲቆረጥ ነው።

የቲኬቱን ሰዓት በእኛ ሰዓት ማንበብ

ይህን ያስቀደምኩት መመለሻ ስለሌለው ነው። ቲኬቱ የሚጻፈው በፈረንጅ ሰዓት ነው። 07:10 ተብሎ የተጻፈው በረራ የሚነሳው ከጠዋቱ 1:10 ነው። «ሰባት ሰዓት ከአሥር ነው» ብሎ በአምስት ሰዓት ቦሌ የሚደርስ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ ብዙ ቆይቷል። ከሰዓት በኋላ ያለው ብዙም አያሳስትም፤ 15:20 ሲያይ ሁሉም ሰው ይነቃል። አደገኛው የጠዋቱ ነው። ከ07:00 እስከ 18:59 ላለው ስድስት ይቀንሱ፣ የእኛን ሰዓት ያገኛሉ። 06:30 ደግሞ ከንጋቱ 12:30 ነው፤ 12:30 የሚል ካዩ ግን ከቀኑ 6:30 ማለት ነው። እነዚህን ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው። ለቤተሰብ በስልክ ሲነግሩ «በሀበሻ ሰዓት» ብለው ይንገሩ፤ ለእናት ወይም ለአባት ከሆነ በወረቀት በትልቁ ይጻፉላቸው።

ቀኑም እንዲሁ ነው። ጥምቀት ጥር 11 አይለወጥም፣ በፈረንጅ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ሲሆን አንዳንድ ዓመት 20 ላይ ይውላል። በ2016 እንደዚያ ነበር። በቲኬቱ ላይ ያለውን ቀን ከግድግዳ ካላንደር ጋር ሳያስተያዩ አይክፈሉ።

የቆራጩን ስልክ ብቻ ማስመዝገብ

ልጅ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ሆና ለእናቷ ቲኬት ትቆርጣለች። ስልክ ቁጥር ሲጠየቅ የራሷን ታስገባለች። ከዚያ የበረራው ሰዓት ይቀየራል፣ መልእክቱም ውጭ አገር ይገባል፤ እሷ ተኝታለች። እናት ደግሞ በድሮው ሰዓት ተነስተው ይሄዳሉ። በክረምት ደመናና ዝናብ፣ ወይም በሌላ ምክንያት የሀገር ውስጥ በረራ ይሸጋሸጋል። በ2015 ክረምት በአማራ ክልል ግጭቱ ሲጀመር የጎንደር በረራ ለቀናት ጭራሽ ተቋርጦ ነበር። ስለዚህ የተጓዡ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚሠራ ቁጥር መመዝገብ አለበት፤ ከመነሻው አንድ ቀን በፊትም ለአየር መንገዱ ደውሎ ማረጋገጥ ነው። የቲኬቱን ፎቶ ስልክዎ ላይ ይያዙ፣ ከተቻለም ያትሙት። ኔትወርክ በሌለበት ሰዓት ኢሜይል መክፈት አይቻልም።

ስምን በግምት መጻፍ

ወርቅነሽ የሚለውን ስም አምስት ሰው አምስት ዓይነት አድርጎ በላቲን ፊደል ይጽፈዋል። ቲኬት ላይ የሚገባው ግን መታወቂያው ወይም ፓስፖርቱ ላይ ያለው ፊደል በፊደል ነው። የቤት ስም አይሆንም። ቆራጩ የመታወቂያውን ፎቶ በቴሌግራም አስልኮ እያየ ይሙላ።

ጥምቀትን እንደማንኛውም ሳምንት መቁጠር

በጥምቀት ሰሞን ጎንደር የምትሞላው በሀገር ውስጥ እንግዳ ብቻ አይደለም፤ ከውጭ የሚገባውም ብዙ ነው። ሰው ለመሄጃው ይጨነቅና መመለሻውን ይረሳል። የሚካኤል ታቦት የሚገባው ጥር 12 ነው፣ ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ልመለስ ይላል። ደርሶ መልሱን ከወራት በፊት አብረው ይቁረጡ።

በዚያው ቀን ወደ ውጭ ለመብረር መጣደፍ

ወደ አሜሪካና አውሮፓ የሚሄዱት በረራዎች ብዙዎቹ ከቦሌ የሚነሱት በምሽት ነው። «ከሰዓት በኋላ ከጎንደር ተነስቼ ማታ እበራለሁ» የሚለው ሒሳብ የሚያምረው አየሩ ጥሩ ሲሆን ነው። ሁለቱ ቲኬቶች ለየብቻ የተቆረጡ ከሆኑ ደግሞ የመጀመሪያው ሲዘገይ የሁለተኛው ጣጣ የእርስዎ ይሆናል። ቢያንስ የጠዋቱን በረራ ይያዙ። እኔን የሚጠይቀኝ ሰው ካለ፣ አንድ ቀን ቀድሞ አዲስ አበባ ማደር ይሻላል እላለሁ፤ የዘመድ ቤት ቢጠፋ እንኳ የአንድ ሌሊት ሆቴል ከጠፋ ቲኬት ይረክሳል።

ሻንጣ ላይ መሳሳት

ከዋሽንግተን ሲመጡ ሁለት ሻንጣ 23 23 ኪሎ ይዘው ይሆናል። የጎንደሩን ቲኬት ለብቻው ከቆረጡት ግን የሚሠራው የሀገር ውስጡ የኪሎ ልክ ነው፣ እሱም ያነሰ ነው። ቲኬቱ ላይ የተጻፈውን ቀድመው ያንብቡ። ሻንጣዎን ሲያስረክቡም መለያ ወረቀቱ ላይ መድረሻው የት ተብሎ እንደተጻፈ ይዩ። የጎንደር ምልክት ጂ.ዲ.ኪው (GDQ) ነው። እሱ ከሌለ አዲስ አበባ ላይ ራስዎ ይረከቡታል ማለት ነው።

በዚህ መስመር ብዙ ጊዜ የሚበረው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 ነው። የላይኛው ዕቃ ማስቀመጫ ጠባብ ስለሆነ ትልቁ አውሮፕላን ላይ የሚገባው የእጅ ሻንጣ እዚህ አይገባም። ሲመለሱ ደግሞ ቅቤና ማር በእጅ አይያዙ፣ ፍተሻ ላይ ይቀራል። ክዳኑን በፕላስተር አጥብቀው፣ በሁለት ፌስታል ጠቅልለው፣ ልብስ መሐል አድርገው በሚጫነው ሻንጣ ይላኩት። ፓወር ባንክ በተቃራኒው ነው፤ በእጅ እንጂ በሚጫነው ውስጥ አይገባም።

ሽማግሌን ብቻቸውን በር ላይ መተው

ሸኚ ወደ ውስጥ አይገባም። ይህ እየታወቀ፣ የእናት መታወቂያ በወንድም ኪስ፣ ቲኬቱ በእህት ስልክ ሆኖ በር ላይ ትርምስ ይፈጠራል። ፈታሹ ይጠብቃል፣ ሰልፉ ይገፋል፣ እናት ነጠላቸውን እያስተካከሉ ከአንዱ ወደ ሌላው ያያሉ። መታወቂያው፣ የታተመው ቲኬትና የተቀባዩ ስልክ ቁጥር በአንድ ትንሽ ቦርሳ ሆኖ አንገታቸው ላይ ይንጠልጠል። መራመድ ለሚያቅታቸው ወይም ለሚደናገራቸው ደግሞ ቲኬቱ ሲቆረጥ ዊልቸር ይጠየቅ። አይከፈልበትም፣ ነውርም አይደለም። የሚገፋው ሠራተኛ እስከ አውሮፕላኑ ያደርሳቸዋል። ቦሌ ጠዋት ላይ የባሕር ዳሩም የላሊበላውም በተቀራራቢ ሰዓት ስለሚጠራ፣ ይህ ብቻ ከብዙ ጭንቀት ያድናል።

አዘዞ ደርሶ ጎንደር የገቡ መምሰል

ማረፊያው ያለው አዘዞ ነው፤ ፒያሳና ፋሲል ግንብ ለመድረስ ገና በመኪና ይሄዳሉ። ሆቴል ከያዙ መኪና እንዲልኩ ቀድመው ይጠይቁ። በኮንትራት ከሄዱ ሻንጣው ሳይጫን በፊት ዋጋ ይነጋገሩ። ደባርቅ ወይም ሌላ ወረዳ የሚቀጥሉ ከሆነ በዚያው ቀን አይጣደፉ፤ ደባርቅ ብቻ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለ መንገዱ ሁኔታ ከዚያው አካባቢ የሚኖር ሰው በዚያው ጠዋት ይጠይቁ፤ ከሳምንት በፊት የሰሙት አይሠራም። ቀኑ ከመሸ ጎንደር አድረው በማለዳ ይነሱ።