በጨዋማ ውሃ ገንዳ ወለል ላይ የሚኖሩ ትናንሽ ዓሦችን እንዴት መያዝና መመገብ ይቻላል

ገንዳው ውስጥ ምግብ ስትበትኑ ከላይ የሚዋኙት ዓሦች ተሻምተው ይጨርሱታል። ከታች፣ አሸዋው ላይ፣ ጣት የምታክል አንዲት ዓሣ ከጉድጓዷ ራሷን ብቅ አድርጋ ትጠብቃለች። እሷ ዘንድ የደረሰ ነገር የለም። እንዲህ ያሉ ዓሦች ሲሞቱ ብዙ ጊዜ ውሃውን እንጠረጥራለን፤ ነገር ግን ውሃው ንጹሕ ሆኖ ሳለ በረሃብ የሚያልቁት ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ ከዚህ በታች ካሉት ደረጃዎች ሁሉ በደንብ ያዙልኝ የምለው አመጋገቡን ነው።

1. ከመግዛታችሁ በፊት ዓሣው ምን እንደሚበላ እወቁ

ሁሉም አሸዋ ላይ ይቀመጡ እንጂ አበላላቸው ለየቅል ነው። ጎቢ የሚባሉት በዓይነት እጅግ ብዙ ናቸው። ከነሱ መካከል ጉድጓድ ጠባቂው ቢጫ ጎቢ እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ያድጋል፤ ከፍሪዘር የወጣ ምግብ ቶሎ ይለምዳል፤ ለጀማሪ የምመክረው እሱን ነው። አሸዋ የሚያጣሩት ጎቢዎች ግን አሸዋ ጎርሰው በስንጥባቸው በኩል እያፈሰሱ በውስጡ ያሉትን ጥቃቅን ፍጥረታት ያስቀራሉ። አዲስ ገንዳ ውስጥ ያ አሸዋ ባዶ ነው።

ብሌኒዎች ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። አንዳንዶቹ አልጌ እየፋቁ የሚኖሩ በመሆናቸው ገንዳው ሲጸዳ ይከሳሉ። ጆፊሽ ጉድጓዱን ራሱ ቆፍሮ አፉን በጠጠር ይገነባል። ማንዳሪን ደግሞ በውበቱ ዓይን ይስባል፣ ለመያዝ ግን ከሁሉም ይከብዳል። ቀኑን ሙሉ ኮፔፖድ የሚባሉ ዓይን የማይሞሉ ፍጥረታትን እየለቀመ ይውላል። ገንዳችሁ ከስድስት ወር በታች ከሆነ ወይም ጥቃቅን ፍጥረታት የሰፈሩበት በቂ የባሕር ድንጋይ ከሌለው አትግዙት።

የትኛውንም ብትመርጡ ሻጩ ፊታችሁ ምግብ እንዲሰጠው ጠይቁ። ሲበላ ያላያችሁትን ዓሣ ይዛችሁ አትሂዱ።

2. ገንዳውን ለቆፋሪ አዘጋጁ

አዲስ ገንዳ ቆሻሻውን የሚያብላሉ ባክቴሪያዎች እስኪራቡበት ድረስ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋል። ከቆሻሻው የሚመነጩት መርዞች፣ አሞኒያና ናይትራይት፣ ተለክተው ዜሮ ካልሆኑ ዓሣ አይገባም። ሙቀቱ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ የጨው ልኬቱ (ውሃው ከጨው አልባ ውሃ ጋር ሲነጻጸር ያለው ክብደት) 1.025 አካባቢ፣ ፒኤች ከ8.1 እስከ 8.4 ይሁን።

ድንጋዩን መጀመሪያ የመስታወቱ ወለል ላይ አስቀምጡ፤ አሸዋውን ከዚያ በኋላ አፍስሱ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ዓሣው ከድንጋዩ ሥር ሲቆፍር ድንጋዩ ይናድበታል። አሸዋው ደቃቅና ለስላሳ ይሁን፤ ሻካራና ስለታም ከሆነ አፋቸውንና ስንጥባቸውን ይቆርጣል። ለአብዛኞቹ ጎቢዎች 5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይበቃል። ለጆፊሽ ግን ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር አድርጉለት፤ ጉድጓዱን የሚደግፍበት የተለያየ መጠን ያለው ጠጠርና የዛጎል ስብርባሪም ቀላቅሉበት።

ክዳን የግድ ነው። ወለል ላይ የሚኖር ዓሣ አይዘልም ብላችሁ እንዳትዘናጉ፤ ጎቢም ጆፊሽም ሲደነግጡ ከገንዳው ይወጣሉ። ቀዳዳው ጠባብ የሆነ መረብ ከላይ ብትዘረጉ አየርም ብርሃንም አይከለክልም።

3. ቀስ አድርጋችሁ አስገቡ

የገንዳውን መብራት አጥፉ። ሙቀቱ እንዲመጣጠን ከረጢቱን ገንዳው ላይ ለ15 ደቂቃ አንሳፉት። ከዚያ ዓሣውን ከነውሃው ወደ ንጹሕ ባልዲ አዙራችሁ በቀጭን ቱቦ የገንዳውን ውሃ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ጨምሩበት። የከረጢቱን ውሃ ገንዳ ውስጥ አትድፉ፤ ዓሣውን ብቻ አውጡ።

የሚቻላችሁ ከሆነ መጀመሪያ ለአራት ሳምንት ያህል በሌላ ትንሽ ገንዳ ለይታችሁ አቆዩት። እዚያም መደበቂያ አጭር የፕላስቲክ ቧንቧና አንድ ሳህን አሸዋ አይጉደልበት። መዳብ ያለበት መድኃኒት ዋናው ገንዳ ውስጥ ፈጽሞ አይግባ፤ ሽሪምፕና ኮረል ይፈጃል።

4. ምግቡን እስከ ደጃፉ አድርሱለት

ከፍሪዘር ያወጣችሁትን ሚሲስ ወይም አርቴሚያ (ሁለቱም ሽሪምፕ መሰል ጥቃቅን ፍጥረታት ናቸው) በገንዳው ውሃ በግማሽ የተሞላ ብርጭቆ ውስጥ አሟሙት፤ በሻይ ማጥለያ አጥልላችሁ የሟሟበትን ውሃ ድፉት። ከዚያ ለላይኞቹ ዓሦች ድርሻቸውን በገንዳው አንድ ጫፍ ስጧቸው። እነሱ እዚያ ሲራኮቱ ፓምፑን አጥፉ። ፓምፑ እየሠራ ከሆነ ምግቡ ሳያርፍ ይወሰዳል።

አሁን ረጅም ፒፔት (መጥጦ የሚያንጠባጥብ ቱቦ)፣ ወይም ጫፉ ላይ ጠንካራ ቱቦ የገባበት ስሪንጅ፣ በምግብ ሞልታችሁ ቀስ ብላችሁ አውርዱ። ዓሣው ላይ አትርጩበት፤ ይሸሻል። ከጉድጓዱ አንድ መዳፍ ያህል ራቅ አድርጋችሁ ሁለት ሦስት ፍሬ ልቀቁና እጃችሁን አቁሙ። መጀመሪያ ዓይኖቹ ብቻ ይዞራሉ። ቀጥሎ በደረቱ ክንፎች አሸዋውን ተደግፎ ትንሽ ይራመዳል፤ ከዚያ ድንገት ተፈናጥሮ ይጎርስና ወደ ኋላው ወደ ጉድጓዱ ይመለሳል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ፒፔቱን ሲያይ የሚወጣ ዓሣ ይኖራችኋል።

ይህን በቀን ሁለት ጊዜ፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በሚያልቅ መጠን አድርጉ። ከ10 ደቂቃ በኋላ ፓምፑን መልሳችሁ አብሩ፤ እንዳትረሱት በስልካችሁ ማንቂያ ሙሉ።

በፍጹም አልበላ ካለ በሕይወት ያለ አርቴሚያ ይፈትነዋል። እንቁላሉ አየር በሚነፋበት ጨዋማ ውሃ፣ በ26 ዲግሪ ገደማ፣ በ24 ሰዓት አካባቢ ይፈለፈላል። እንደተፈለፈለ ስጡት፤ ሲቆይ በሰውነቱ የያዘውን ስንቅ ስለሚጨርስ ጥቅሙ ይቀንሳል። ቅርፊቱን ግን ለይታችሁ ጣሉት። ከዚያ በየቀኑ የሟሟውን ምግብ እየቀላቀላችሁ አስለምዱት።

ማንዳሪን ቸኩሎ አይበላም፤ ምግቡን ዓይቶ ዘንበል ብሎ ሲያስብበት ሌላው ይቀማዋል። አፉ ጠባብ የሆነ ትንሽ የመስታወት ብልቃጥ በጎኑ አስተኝታችሁ ምግቡን ውስጡ አስቀምጡለት። እሱ ገብቶ ይለቅማል፤ ትልልቆቹ አይገቡም። አልጌ ለሚበላ ብሌኒ ደግሞ ቅመም የሌለበት ደረቅ የባሕር አልጌ ቆንጥራችሁ በመቆንጠጫ ድንጋዩ አጠገብ ዝቅ አድርጋችሁ ስቀሉለት።

5. ሆዱን አንብቡ

የመጀመሪያውን ማንዳሪኔን ያጣሁት ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ሲነካ እያየሁ «እየበላ ነው» ብዬ ስላመንኩ ነው። እየፈለገ ነበር፤ የሚያገኘው ግን አልነበረም። አሁን የማየው አፉን ሳይሆን ሆዱን ነው። ከፊት ለፊትና ከላይ ተመልከቱ፦ የጠገበ ዓሣ ሆዱ ትንሽ ሞላ ይላል። የተራበው ከደረት ክንፉ ኋላ ጎድጉዶ፣ ጀርባው እንደ ቢላ ስል ሆኖ ይታያል። በየሳምንቱ ከአንድ አቅጣጫ ፎቶ ብታነሱት ለውጡ ይገለጥላችኋል። መክሳት ከጀመረ ምግቡን በቀን ወደ ሦስትና አራት ጊዜ ከፍ አድርጉ፤ ተቀናቃኝ ካለበትም ገንዳው ውስጥ በሚንጠለጠል ቀዳዳ ያለው ሳጥን ለይታችሁ መግቡት።

6. ጎረቤት ስትመርጡለት

አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ዓሦች ጥንድ ካልሆኑ ይጣላሉ። ከሌላ ወገን ግን ጉድጓድ ጠባቂ ጎቢ ከፒስቶል ሽሪምፕ ጋር ሲኖር ማየት ደስ ይላል። ሽሪምፑ ዓይኑ ደካማ ነው፤ አሸዋ እየገፋ ሲቆፍር ከራሱ ላይ ካሉት ረጃጅም መዳሰሻ ክሮች አንዱን ከጎቢው አካል ላይ አያነሳም። ጎቢው አደጋ ሲያይ ጅራቱን ያንቀሳቅሳል፤ ሁለቱም ጉድጓድ ይገባሉ።

7. ውሃውንና ጉዟችሁን አስቡ

ሲተን የሚሄደው ውሃው ብቻ ነው፤ ጨው ይቀራል። ስለዚህ የጎደለውን በተጣራ ጨው አልባ ውሃ ሙሉ። በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ከ10 እስከ 15 በመቶውን እኩል ሙቀትና ጨው ባለው አዲስ ውሃ ቀይሩ። የተረፈ ምግብ በቱቦ ምጠጡ፤ አሸዋውን በሙሉ ግን አትጠቡ፤ የዓሣው ምግብ እዚያ ውስጥ ይራባል።

ስትጓዙ በራሱ ምግብ የሚጥል መሣሪያ ላይ ብቻ አትተማመኑ። የሚጥለው ደረቅ ምግብ ብዙውን ጊዜ ላይ ስለሚንሳፈፍ የሚጠቀሙት የላይኞቹ ዓሦች ናቸው። በምትኩ የእያንዳንዱን ቀን ድርሻ በትንንሽ ዕቃ ከፋፍላችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ፤ ገንዳውን የሚጠብቅላችሁን ሰው ከመሄዳችሁ በፊት ሁለት ጊዜ ፊታችሁ በፒፔት እንዲመግብ አድርጉት።