ካርታ ላይ የሚደጋገም የመንገድ ስምን እንዴት አስተካከልኩት

ኪውጂአይኤስ (የካርታ መሥሪያ ሶፍትዌር) ላይ የመንገድ ስም ሳወጣ አንዱ ስም በየጥቂት ርቀቱ እየተደጋገመ ካርታውን አጨናነቀው። የፊደሉን መጠን ባሳንስም ለውጥ የለም። ነገሩ ያለው ዳታው ውስጥ ነው። ለዓይን አንድ የሚመስለው መንገድ በየመስቀለኛው ተቆራርጦ የተቀመጠ ነው፤ ሶፍትዌሩም ለየቁራጩ ስም ይጽፋል።

መፍትሔው ሌየሩን፣ ማለትም መንገዶቹ ያሉበትን የካርታ ንብርብር፣ ሁለቴ ክሊክ አድርጎ ሌብልስ፣ ከዚያ ሬንደሪንግ ውስጥ መግባት ነው። እዚያ «መርጅ ኮኔክትድ ላይንስ» የሚል ምርጫ አለ። ምልክት ስታደርጉበት የሚነካኩና ስማቸው አንድ የሆነ መስመሮች ለስም አጻጻፉ ብቻ እንደ አንድ ይቆጠራሉ። ዋናው ዳታ አይነካም፤ በጣም የወደድኩትም ይህን ነው።

አንዳንዶቹ ግን አሁንም ተደጋገሙ። አትሪቢዩት ቴብሉን (የመንገዶቹ መረጃ የተዘረዘረበትን ሠንጠረዥ) ከፍቼ ጠቋሚውን ወደ ስሙ መጨረሻ ስወስደው ከመጨረሻው ፊደል አለፍ ብሎ ቆመ። ለካ ባዶ ቦታ ተከትሎታል! ለእኛ ያው ስም ነው፣ ለሶፍትዌሩ ግን ሌላ። የሌብሉ ኤክስፕሬሽን (ምን እንደሚጻፍ የሚወስነው ቀመር) ላይ ከጽሑፍ ዳርና ዳር ያለ ባዶ ቦታን የሚያስወግደውን «ትሪም» የሚለውን ፈንክሽን ስጨምርበት ጠራ።

ረጅም መንገድ ላይ ስሙ አልፎ አልፎ እንዲደገም ከፈለጋችሁ ደግሞ እዚያው ሌብልስ ሥር ፕሌስመንት ውስጥ ርቀቱን ራሳችሁ መወሰን ትችላላችሁ።