ግማሽ መቀስ ይዞ መድኃኒት ፍለጋ

ደሴ ውስጥ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠሩ ልጆችን አልፎ አልፎ አግዛለሁ። ብዙዎቹ የቫይረስ ፕሮቲኤዝ (ፕሮቲን የሚቆርጥ ኢንዛይም) ላይ ዶኪንግ ይሠራሉ፤ ማለትም አንድ ውህድ ኢንዛይሙ ላይ እንዴት እንደሚገጥም በኮምፒውተር ይገምታሉ። ላፕቶፕና ኢንተርኔት ካለ፣ መብራትም ካልጠፋ ይበቃል። ስህተቶቹ ግን በየዓመቱ ያው ናቸው።

የመጀመሪያው በጣም ያናድደኛል። ፒያሳ ካፌ ቁጭ ብለን አንዱ የኤችአይቪ ፕሮቲኤዝን ቅርጽ የያዘ ፋይል ከፈተ። ቼይን ኤ እና ቼይን ቢ የሚባሉ ሁለት የፕሮቲን ሰንሰለቶች አሉት። ቢን ሰረዘው።

"ምነው?"

"ዩቲዩብ ላይ እንደዚህ ነው የሚያደርጉት። ድግግሞሽ ነው።"

አባቱ ልብስ ሰፊ ስለሆነ በመቀስ ነገርኩት። ይህ ኢንዛይም እያንዳንዳቸው 99 አሚኖ አሲድ ያላቸው ሁለት ግማሾች ሲገጥሙ ነው የሚሠራው። መቁረጫው መገናኛቸው ላይ ነው፤ 25ኛው አሚኖ አሲድ፣ አስፓርቲክ አሲዱ፣ ከሁለቱም ወገን ይዋጣል። አንዱን ስትሰርዝ የያዝከው ግማሽ መቀስ ነው። የሳምንት ልፋቱ ገደል ገባ።

ሁለተኛው የበሰለውን፣ ማለትም ተቆርጦ የወጣውን፣ ፕሮቲኤዝ ብቻ ማየት ነው። ይህ መቀስ ለብቻው አይወለድም። ጋግ-ፖል የሚባል ረጅም ፕሮቲን ውስጥ ተሰፍቶ ይመጣል። ሁለት ጋግ-ፖሎች ሲጠጋጉ ግማሾቹ ይገጥሙና ራሱን ቆርጦ ይወጣል። ከዚያ የቀረውን ይቆራርጣል፤ ቫይረሱ ተላላፊ የሚሆነው ያኔ ነው። ገና ያልወጣው ደግሞ ፕሮቲኤዙን ለሚያግዱት ለእነ ዳሩናቪር ዓይነት መድኃኒቶች እንደ በሰለው በቀላሉ እጅ አይሰጥም። እኔን ከጠየቃችሁኝ አዲስ ሐሳብ ያለው እዚህ ጋ ነው። ስለሚከብድ ግን ሁሉም ይሸሸዋል።

ሦስተኛ፣ ፕሮቲኤዝ ሁሉ አንድ ይመስላቸዋል። የኮሮናው ዋና ፕሮቲኤዝ የሚቆርጠው እንደ ኤችአይቪው በአስፓርቲክ አሲድ ሳይሆን ሲስቴይን በሚባል ሌላ አሚኖ አሲድ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. ለኤችአይቪ የተሠራው ሎፒናቪር ሆስፒታል በተኙ የኮቪድ ታማሚዎች ላይ ተሞክሮ ጠብ ያለ ነገር የለም። "ታዲያ ፓክስሎቪድ የሚባለው የኮቪድ መድኃኒት ውስጥ ሪቶናቪር የተባለው የኤችአይቪ መድኃኒት ምን ይሠራል?" ይሉኛል። የኮሮናውን ፕሮቲኤዝ የሚያግደውን ኒርማትሬልቪርን ጉበት ቶሎ እንዳይፈጨው ያዘገይለታል፣ በቃ።

ቤቪሪማት የሚባለውን ለኤችአይቪ የተሞከረ ውህድም ከፕሮቲኤዝ አጋጆች ጋር የሚደምሩት አሉ። እሱ የሚይዘው መቀሱን ሳይሆን ጨርቁን ነው፤ የጋግ-ፖል ክፍል በሆነው ጋግ ላይ ተለጥፎ አንድ የመቆረጫ ቦታ ይከልላል።

የዳማከሴ ውህድ ዶኪንግ ላይ ጥሩ ነጥብ ስላመጣ "መድኃኒት ተገኘ" የሚሉትንስ ተዋቸው።

ያ ልጅ በሳምንቱ ቼይን ቢን መልሶ መጣ። ፋይሉ ውስጥ ያሉትን የውሃ ሞለኪውሎች ግን አንድም ሳያስቀር ሰርዟቸዋል። ብዙዎቹን መድኃኒቶች መቁረጫውን ከላይ ከሚከድኑት የኢንዛይሙ ክንፎች ጋር የምታያይዝ አንዲት የውሃ ሞለኪውል አለች። እሷም የለችም። ሻይ አዘን እንደገና ጀመርን።