ተሳቢ ቤታችሁ አልቆም ሲል፣ ሲግል፣ ጎማ ሲበላ፦ ከምልክቱ ወደ መፍትሄው

ከባድ ተሳቢ ቤት አስሮ ረጅም ቁልቁለት የወረደ ሰው ይህን ያውቀዋል። ፍሬን ትይዛላችሁ። ፒካፑ ይቀንሳል፤ ከኋላ ያለው ግን እየገፋ ይመጣል። ያን ጊዜ የሚመጣው ሐሳብ አንድ ነው፤ ትልቅ ፍሬን፣ ትልቅ አክስል፣ ትልቅ ጎማ ልግዛ። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ምልክቱን አጢኑ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው ልትቀይሩት ካሰባችሁት ዕቃ አንድ እርምጃ ወዲያ ነው።

የማወራው ፊፍዝ ዊል ስለሚባለው፣ አፍንጫው በፒካፑ የጭነት ሳጥን ውስጥ ስለሚቆለፈው ትልቅ ተሳቢ ቤት ነው። አብዛኛዎቹ ሁለት ወይም ሦስት አክስል አላቸው። ፍሬናቸውም በኤሌክትሪክ የሚሠራ የታምቡር ፍሬን ነው። ሾፌሩ ሲረግጥ ፒካፑ ውስጥ ያለው መቆጣጠሪያ ወደ ጎማዎቹ ኤሌክትሪክ ይልካል። ታምቡሩ ውስጥ ያለው ማግኔት በሚሽከረከረው ታምቡር ላይ ይለጠፋል። ታምቡሩ ማግኔቱን ይዞት ሊዞር ሲል አንድ ክንድ አብሮ ይጎተታል፤ ክንዱም የፍሬን ሸራዎቹን ከፍቶ ከታምቡሩ ጋር ያፋጫቸዋል። እንግዲህ የማቆሙ ጉልበት የሚጀምረው ከሽቦው ነው። ሽቦው ከደከመ አዲስ ሸራ ምንም አይጠቅምም።

ፍሬኑ ይይዛል፣ ግን ደካማ ነው

መጀመሪያ የሚጠረጠረው የሸራው ርቀት ነው። ብዙዎቹ የታምቡር ፍሬኖች ራሳቸውን አያስተካክሉም። ሸራው እያለቀ ሲሄድ ከታምቡሩ ይርቃል፣ ክንዱም ደርሶ መግፋት ያቅተዋል። መፍትሄው ቀላል ነው። ተሳቢውን በክሪክ አንሱና ደግፉት። ክሪኩን ከአክስሉ ሥር ሳይሆን ከሻሲው ሥር አግቡ፤ አክስሉ እዚያ ላይ ሊጎብጥ ይችላል። ከፍሬኑ ጀርባ ባለችው ቀዳዳ ጥርሳሙን ማስተካከያ አዙሩ። ጎማውን በእጅ ማዞር በጣም እስኪያስቸግር አጥብቁ። ከዚያ ጎማው በነፃ እስኪዞር፣ ሸራው ነካ ነካ ሲያደርግ ብቻ እስኪሰማ መልሱ። ይህ በየ4,800 ኪሎ ሜትሩ ገደማ መደረግ አለበት።

ቀጥሎ ኤሌክትሪኩ ነው፤ እዚህ ላይ ትዕግሥት ይኑራችሁ። የ10 እና የ12 ኢንች ፍሬን ማግኔት እያንዳንዱ ወደ 3 አምፔር ይስባል። ባለ ሁለት አክስል ተሳቢ አራት ማግኔት ስላለው ጠቅላላው 12 አምፔር አካባቢ ይሆናል፤ ባለ ሦስት አክስሉ 18። የቀጥታ ጅረት የሚለካ ክላምፕ ሜትር በፍሬኑ ሽቦ ላይ (ብዙውን ጊዜ ሰማያዊው ነው) አድርጉና አንድ ሰው መቆጣጠሪያውን እስከ መጨረሻው ይጫንላችሁ። ከ12 ይልቅ 9 ካነበባችሁ አንድ ማግኔት ሥራ አቁሟል። የሁሉም እኩል ከወረደ ደግሞ ወይ ሽቦው ቀጥኗል፣ ወይ የመሬቱ (ግራውንድ የሚባለው የኤሌክትሪክ መመለሻ) ግንኙነት ዝጓል።

አንድ ቦታ ግን ሳትፈትሹ እንዳታልፉ። ሽቦው ከአንዱ ጎማ ወደ ሌላው የሚሻገረው ብዙ ጊዜ በአክስሉ ቱቦ ውስጥ ነው። ከኔ ተሳቢ ላይ ይህን ሽቦ ስቤ ሳወጣው ፕላስቲኩ በአንድ ጎን ተልጦ መዳቡ ያብለጨልጭ ነበር። ብረቱን የነካበት ቦታ ላይ ጥቁር የተቃጠለ ነጥብ ነበረው። መንገዱ ሲያንገጫግጭ ፍሬኑ የሚጠፋው፣ ቆሞ ሲለካ ግን ጤነኛ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነበር። አሮጌውን ተዉት። 10 ወይም 12 ጌጅ የሆነ ወፈር ያለ ሽቦ በቱቦው ውጪ በመከላከያ ቱቦ አድርጋችሁ አዲስ ዘርጉ። መገጣጠሚያዎቹን ውሃ እንዳያስገቡ አሽጓቸው። የምትገዙት ሽቦ ብቻ ነው፤ ብዙ ተሳቢ ግን በዚህ ብቻ ይድናል።

ሦስተኛው ግሪስ ነው። በአክስሉ ጫፍ ባለችው መግቢያ ግሪስ አብዝቶ የገፋ ሰው ፓራኦሊዮውን (ግሪሱ እንዳይወጣ የሚከለክለውን ማሸጊያ) አሳልፎ ሸራው ላይ ያፈስሰዋል። ታምቡሩን አውጡና እዩ፤ ሸራው ጠቁሮና ወዝቶ ይታያል። ስፕሬይ ነፍታችሁ አትልፉት። ግሪሱ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ሲሞቅ ተመልሶ ይወጣል። በአክስሉ ግራና ቀኝ ያሉትን ሸራዎች አብራችሁ ቀይሩ። ፓራኦሊዮውም አዲስ ይሁን። ሙሉውን የፍሬን ስብስብ የምትቀይሩ ከሆነ ግራና ቀኙ የተለያየ መሆኑን አትርሱ። አጭሩ ሸራ ወደ ፊት መዞር አለበት፤ ተገላብጦ ከተገጠመ ፍሬኑ አዲስ ሆኖ ደካማ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ አሁንም ቁልቁለት ላይ የሚገፋችሁ ከሆነ ወደ ዲስክ ፍሬን መሄድ ተገቢ ነው። በኔ እምነት ለከባድ ተሳቢ ቤት ከዚህ የተሻለ ማሻሻያ የለም። ዲስኩ አየር ላይ ስለሆነ ሙቀቱን ቶሎ ያስወጣል፤ ታምቡር በረጅም ቁልቁለት ግሎ የሚደክመውን ያህል አይደክምም። በየጊዜው ማስተካከልም የለም። በተሳቢው ላይ የፒካፑን የኤሌክትሪክ ምልክት ወደ ዘይት ግፊት የሚቀይር ሳጥን ይገጠማል። ለዲስክ የሚያስፈልገው 1,600 ፒ ኤስ አይ (የግፊት መለኪያ ነው) የሚሰጠው ነው፤ ለታምቡር የተሠራው 1,000 ብቻ ስለሚሰጥ አይሆናችሁም። የፒካፑ መቆጣጠሪያ ከእንዲህ ያለ ሳጥን ጋር እንደሚሠራ ቀድማችሁ አረጋግጡ። ቸርኬው ካሊፐሩን (ዲስኩን ጨምቆ የሚይዘውን ክፍል) ሳይነካ መዞሩንም መስመሩን ከመዘርጋታችሁ በፊት ገጥማችሁ እዩ። ተሳቢው ቢበጠስ ፍሬን የሚያስይዘው ማብሪያና ባትሪው ከአዲሱ ሳጥን ጋር መያያዝ አለበት። ይህን ረስቶ የሚወጣ ሰው አለ፤ እባካችሁ እናንተ አትርሱት።

ሳልረግጠው ይይዛል

የተሳቢውን ሶኬት ከፒካፑ ንቀሉ። ከለቀቀ ችግሩ መቆጣጠሪያው ወይም ሶኬቱ ውስጥ የገባ ውሃ ነው። ካልለቀቀ የመበጠሻው ማብሪያ ፒን ወጥቶ እንደሆነ እዩ። ያም ደህና ከሆነና የያዘው አንድ ጎማ ብቻ ከሆነ ታምቡሩን ክፈቱ፤ የተሰበረ መላሽ ስፕሪንግ ወይም ከልክ በላይ የጠበቀ ሸራ ታገኛላችሁ።

አንዱ ጎማ ከሌሎቹ ይበልጥ ይግላል

በእጅ አትንኩ። በርቀት የሚለካ ቴርሞሜትር ያዙና በየዕረፍቱ የጎማዎቹን መሃል በየተራ ለኩ። ማየት ያለባችሁ ልዩነቱን ነው። አንዱ ብቻ ከጋለ ወይ ፍሬኑ እየታከከ ነው ወይ ኩሽኔታው ደርቋል ወይም ጠብቋል። ኩሽኔታውን አውጥታችሁ እጠቡና ብርሃን ላይ አዙሩት። ወደ ሰማያዊ የዞረ ቀለም ወይም የተቦረቦረ ነገር ካያችሁ የሚቀመጥበትን ቀለበት ጨምራችሁ ጣሉት። ስትገጥሙ ታምቡሩን እያዞራችሁ በአክስሉ ጫፍ ያለውን ዳዶ እስከ 68 ኒውተን ሜትር አጥብቁ፤ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ፈትታችሁ በጣት ብቻ መልሱት፤ መቆለፊያውን አስገቡ። በዓመት አንዴ ወይም በ19,000 ኪሎ ሜትር ይህን መድገም ነው።

ጎማው በአንድ ጎን ያልቃል

እዚህ ላይ ተሳስቻለሁ። የውስጥ ጠርዛቸው ያለቀ ሁለት ጎማዎች ነበሩኝ፤ ቀየርኳቸው። አዲሶቹም በዚያው በኩል መበላት ጀመሩ። ያኔ ነው ሜትር ይዤ ከሥሩ የገባሁት። በአንድ አክስል ላይ ባሉት ሁለት ጎማዎች መካከል ያለውን ርቀት ከፊትም ከኋላም ለካሁ፤ አንድ አልነበረም። አክስሉ ጎብጧል። ጎማ ሲያልቅ የጎማ ጥፋት ይመስላል እንጂ ጎማው የሚናገረው ከበላዩ ስላለው ነው።

ሁለቱም ጠርዝ ካለቀ አየሩ ያንሳል። መሃሉ ካለቀ አየሩ በዝቷል። የውስጥ ጠርዝ ብቻ ካለቀ ጭነት ወይም የጎበጠ አክስል ነው። አክስል ሲሠራ መሃሉ ትንሽ ወደ ላይ ይቀሰታል፣ ጭነት ሲያርፍበት ይስተካከላል። ከልኩ በላይ ሲጫን ደግሞ አልፎ ይጎብጣል።

ስለዚህ ሚዛን ላይ ውጡ፤ ውሃውም ዕቃውም እንደ ጉዞ ቀን ሞልቶ። የፊፍዝ ዊል አፍንጫ በተለምዶ ከጠቅላላው ክብደት ከ15 እስከ 25 በመቶውን ፒካፑ ላይ ያሳርፋል። ለምሳሌ ተሳቢው 6,400 ኪሎ ቢሆንና አፍንጫው 20 በመቶ ቢይዝ አክስሎቹ 5,120 ይሸከማሉ፤ ለሁለት ሲካፈል 2,560 ነው። የ6,000 ፓውንድ አክስል 2,720 ኪሎ ስለሚችል ያለው ትርፍ 160 ኪሎ ብቻ ነው። ወጥ ቤቱና የውሃ ጋኑ በአንድ ጎን ከሆኑ ያ ትርፍ በዚያ ጎን የለም። በ7,000 ፓውንድ አክስል (3,175 ኪሎ) ግን 615 ኪሎ ይተርፋችኋል።

አክስል ለማዘዝ በባሌስትራዎቹ መሃል መካከል ያለውን ርቀትና ከአንዱ የጎማ ማሰሪያ ፊት እስከ ሌላው ያለውን ለኩ። ባሌስትራው ከአክስሉ በላይ ነው ከበታች የሚለውንም ጻፉ። የ6,000 ፓውንዱ በተለምዶ ባለ 6 ቡሎን፣ የ7,000 ፓውንዱ ባለ 8 ስለሆነ ቸርኬውም ይቀየራል። ባሌስትራውም የአክስሉን ያህል የሚችል ይሁን። አንድ ነገር ግን አይቀየርም፤ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው የተሳቢው ከፍተኛ ክብደት። ሻሲውና አፍንጫው ያው ናቸው። ትልቅ አክስል ትርፍ አቅም እንጂ ተጨማሪ ጭነት የመጫን ፈቃድ አይደለም።

ሜትራችሁ ጤነኛ ካሳያችሁ የባሌስትራ ማንጠልጠያዎቹን እዩ። ብዙዎቹ የፕላስቲክ ቦኮላ (ቡሎኑ የሚያልፍበት ቀለበት) ነው ያላቸው፤ ሲያልቅ ቡሎኑ ቀዳዳውን ይበላና እንቁላል ቅርጽ ያደርገዋል፣ አክስሉም ከመስመሩ ይወጣል። የነሐስ ቦኮላና ግሪስ የሚገባበት ቡሎን፣ ከወፍራም ማንጠልጠያ ጋር ቀይሩ።

ፒካፕ የቀየራችሁ ከሆነ ደግሞ ተሳቢው ደልደል ብሎ መቆሙን ከጎን ሆናችሁ እዩ። አፍንጫው ወደ ላይ ካየ ክብደቱ የኋላው አክስል ላይ ይወድቃል።

ጎማ ይፈነዳል

በጎማው ጎን ላይ ያሉትን የመጨረሻ አራት ቁጥሮች እዩ። 2319 ማለት በ2019 23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ቢያምርም አምስት ስድስት ዓመት ካለፈው ቀይሩት። ሎድ ሬንጅ (ጎማው ላይ የተጻፈ የጭነት አቅም ደረጃ) ኢ የሆነ ጎማ እስከ 80 ፒ ኤስ አይ፣ ጂ ደግሞ እስከ 110 ይይዛል። ወደ ጂ ለመሄድ ቸርኬው 110 መቻሉን በውስጥ በኩል ከተቀረጸው ጽሑፍ አረጋግጡ፤ ቫልቩም የብረት ይሁን። አየር የሚለካው ጎማው ሳይሞቅ፣ ጠዋት ከመነሳት በፊት ነው። ብዙ የተሳቢ ጎማዎች ለ105 ኪሎ ሜትር በሰዓት የተሠሩ መሆናቸውንም አስቡ።

ሁሉን ቀየርኩ፣ አሁንም ልክ አይደለም

አዲስ የታምቡር ሸራ መጀመሪያ ላይ ይደክማል። ባዶ መንገድ ፈልጉና ከ64 ኪሎ ሜትር በሰዓት ወደ 32 ማውረድን ከ20 እስከ 30 ጊዜ ድገሙት፤ በየመካከሉ እንዲበርድ ጊዜ ስጡት። መቆጣጠሪያውንም ከዚያ በኋላ እንደ አዲስ ልኩን አስይዙት፤ ጎማው ሳይቆልፍ ተሳቢው ሲይዛችሁ በደንብ ሊሰማችሁ ይገባል።

የጎማ ዳዶ አዲስ ቸርኬ ላይ ይላላል። የግማሽ ኢንች ቡሎን በቶርክ ቁልፍ ከ122 እስከ 163 ኒውተን ሜትር፣ ትይዩ ትይዩውን እየተቀያየረ ይጠበቃል። በቸርኬውና በማሰሪያው መካከል ቀለም ካለ ፍቃችሁ አንሱት። ከ16፣ ከ40 እና ከ80 ኪሎ ሜትር በኋላ ቁሙና ቁልፉን መልሳችሁ አስገቡ። በ80ው ላይ አሁንም የሚዞር ዳዶ ካለ ጎማውን አውልቁና የቸርኬውን ቀዳዳ ተመልከቱ፤ ወደ ጎን ሰፍቶ ከሆነ በዚያ ቸርኬ አትሂዱ።