መድኃኒት የተላመደ ጀርም በሰፈር ውስጥ እንዴት እንደሚዛመት በኮምፒውተር ማስላት

መጀመሪያ ጀርሙን ለዩ። ኢ ኮላይ አንጀት ውስጥ ይኖራል፤ ከሰው ወደ ሰው የሚያደርሱት እጅ፣ ውኃ፣ ምግብና መጸዳጃ ቤት ናቸው። ኒሞኮከስ ደግሞ አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ ተቀምጦ በተለይ ከሕፃን ወደ ሕፃን ይተላለፋል። ለአንዱ የተሠራው ስሌት ለሌላው አይሆንም፤ የታክሲ ግፊያ ለኒሞኮከስ ቢያሳስብም ለኢ ኮላይ የጋራ መጸዳጃው ይበልጣል። ከዚህ በታች ያለው ለኢ ኮላይ ነው።

አብዛኛው ተሸካሚ ስለማይታመም የምትቆጥሩት ተሸካሚን እንጂ ሕመምተኛን አይደለም። በፓይተን (የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) 10,000 ሰው ፍጠሩ፤ እያንዳንዱ ከሦስት ሁኔታዎች በአንዱ ላይ ይሁን፦ ነፃ፣ መድኃኒት የሚገድለው ጀርም ተሸካሚ፣ የተላመደው ጀርም ተሸካሚ። ከእያንዳንዱ ጀርም 100 ተሸካሚ ይኑር። ለሙከራ ያህል የመተላለፍ ፍጥነቱን በቀን 0.035፣ የመሸከሚያ ጊዜውን 60 ቀን፣ የአንቲባዮቲክ አወሳሰዱን በሰው በዓመት 2 ጊዜ አድርጉ። መድኃኒቱ የሚያጸዳው የመጀመሪያውን፣ ማለትም ያልተላመደውን ጀርም ብቻ ነው። መላመድ ብዙ ጊዜ ጀርሙን ስለሚያደክመው የተላመደው ፍጥነት በ10 በመቶ ይቀነስ፣ 0.0315 ይሆናል። ፍጥነትን እንደ ዕድል በቀጥታ አታስገቡ፤ ዕድሉ 1 − ኤክስፕ(−ፍጥነት × ቀን) ነው (ኤክስፕ በፓይተን math.exp የሚባለው ነው)። በቀን ስትሄዱ ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ በሳምንት ወይም በወር ስትዘሉ ግን ውጤቱን ያበላሻል።

ሁሉም ሰው እኩል ይገናኝና 20 ዓመት አስሂዱት። የተላመደው 47 በመቶ ገደማ ላይ ይረጋል፣ ሌላው ይጠፋል። አንቲባዮቲኩን ዜሮ ብታደርጉት የመጀመሪያው 52 በመቶ ይይዛል፣ የተላመደው ይጠፋል። ካልሆነ ኮዳችሁ ውስጥ ስህተት አለ።

ትልቁ ችግር ያለው እዚሁ ላይ ነው። በእውነተኛ ሰፈር ሁለቱም ጀርሞች ለዓመታት አብረው ይኖራሉ፤ ይህ ስሌት ግን አንዱን ሁልጊዜ ያጠፋል፣ ምክንያቱም የሚሻሙት ያንኑ ነፃ ሰው ነው። አሸናፊው የሚቀየርበት ድንበር የተላመደው የፍጥነት ቅናሽ 25 በመቶ አካባቢ ሲሆን ነው። ቁጥሩን እዚያ ላይ ገትራችሁ «ከእውነታው ጋር ተስማማ» እንዳትሉ፤ እንዲህ ያለ ሞዴል አንቲባዮቲክን በጥቂቱ መቀነስ ችግሩን ጨርሶ ያጠፋዋል ብሎ ይናገራል፣ ለሕፃናት የሚሰጠውን መድኃኒት የሚወስን ሰውም ሊያምነው ይችላል። የሚስተካከለው አወቃቀሩ ነው። ሁለቱንም ጀርም የያዘ አራተኛ ሁኔታ ጨምሩ፣ ሰዎችን በቤተሰብና በጋራ መጸዳጃ አቧድኑ፣ አንቲባዮቲክ አብዝቶ የሚወስደውን ከማይወስደው ለዩ። ሁለቱንም የያዘ ሰው እያንዳንዱን በግማሽ ፍጥነት ያስተላልፍ።

ከዚያ ይህን ፈትሹ፦ ሁለቱን ጀርሞች ፍጹም አንድ ዓይነት አድርጉ፣ መድኃኒቱን ዜሮ፣ ጅማሬውን 80 ለ20። ኮዱን 200 ጊዜ ስታስሄዱት አማካዩ 80 ለ20 አካባቢ መቆየት አለበት። ወደ 50 ለ50 ከሳበ፣ አብሮ መኖሩን ራሳችሁ በኮዱ አስገብታችሁታል።

ለመሀል አዲስ አበባ የቤተሰብ ብዛትን ከ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ አትውሰዱ። ከቆጠራው በኋላ ብዙ ተለውጧል፤ በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ብቻ ከፒያሳ ብዙ ነዋሪ ተነሥቷል። መርካቶም ቀን ቀን ከየአቅጣጫው የሚሞላ ስለሆነ ሰፈሩን ዝግ አታድርጉት፤ ከውጭ የሚገባ ተሸካሚ ጨምሩ። የአንቲባዮቲኩን መጠን ከመድኃኒት ቤት ሽያጭ ገምቱ፣ ያለ ማዘዣ የሚገዛው በጤና ጣቢያ መዝገብ ላይ የለምና።

ውጤቱን ከሪፈራል ሆስፒታል ካልቸር (ጀርሙን በላቦራቶሪ አሳድጎ ከሚለይ ምርመራ) ጋር አታመሳክሩ። እዚያ ናሙና የሚሰጠው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው መድኃኒት ያልሠራለት ሕመምተኛ ስለሆነ የተላመደው ከልኩ በላይ ይታያል። የሰፈሩን ተሸካሚ የሚያሳየው ከጤነኛ ነዋሪዎች የሚወሰድ የሰገራ ናሙና ነው።