«ወራጅ አለ» ከማለታችሁ በፊት

ከመገናኛ ወደ አያት የሚሄድ ሚኒባስ፣ የመጨረሻው ወንበር፣ መሃል ላይ። መስኮቱ ዝግ ነው፤ አንዲት እናት ብርድ እንዳይመታቸው አስዘግተውታል። ጉርድ ሾላ ሳንደርስ ልቤ ከደረቴ ልትወጣ ደረሰች። ጣቶቼ ደነዘዙ፤ አየር አጠረኝ፤ ላብ አጠመቀኝ። «መሞቴ ነው» አልኩ። «ወራጅ አለ!» ብዬ ጮህኩ። መሬት ስረግጥ ለቀቀኝ።

ያጠመደኝ ያ እፎይታ ነው። በማግስቱ ጋቢና ካልሆነ አልሳፈርም አልኩ። ቀጥሎ ከእህቴ ጋር ካልሆነ። መጨረሻ ላይ አራት ወር ከቤት አልወጣሁም።

ጥቃቱ ፓኒክ አታክ ይባላል። እየተመላለሰ ሲመጣና ቀጣዩን እየፈራን መኖር ስንጀምር ፓኒክ ዲስኦርደር ነው። ማምለጥ የማይቻልበትን ቦታ ሁሉ መሸሽ ደግሞ አጎራፎቢያ ነው። ስሙን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1871 ካርል ዌስትፋል የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ነው፤ ሰፊ አደባባይ ማቋረጥ ያቃታቸው ሕመምተኞች አይቶ። የእኔ አደባባይ ታክሲ ነበር።

መጀመሪያ ተመርመሩ። ኢሲጂ (የልብ ምርመራ)፣ የደም ማነስ፣ ታይሮይድ (የአንገት ዕጢ)። ደህና ናችሁ ከተባላችሁ እመኑ። እኔ አምስት ጊዜ ኢሲጂ ተነስቻለሁ፤ እሱም ሌላ መሸሻ ሆነብኝ።

ቀጥሎ ሰውነታችሁን እወቁት። አደጋ የመጣ መስሎት አድሬናሊን የተባለ ሆርሞን ይረጫል። ልብ የሚፈጥነው እንድንሮጥ ነው። ቶሎ ቶሎ ስንተነፍስ ደማችን ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፤ ጣት የሚደነዝዘው፣ ራስ የሚዞረው ለዚህ ነው። ፍርሃቱ ብዙ ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጫፍ ይደርስና በራሱ መውረድ ይጀምራል። እሱ ሳይወርድ እናንተ ከወረዳችሁ ግን አእምሯችሁ «ያተረፈኝ መውረዴ ነው» ብሎ ይይዘዋል።

ስለዚህ ደብተር አውጡ። የምትፈሩትን ጻፉና ከ0 እስከ 10 ነጥብ ስጡት። የእኔ እንዲህ ነበር፦ የታክሲ ተራ ቦታ መቆም 3፣ ከእህቴ ጋር ጋቢና እስከ ጉርድ ሾላ 5፣ ለብቻ 7፣ የኋላ ወንበር በዝግ መስኮት 10። ከ3 ጀመርኩ። አንዱን ደረጃ ፍርሃቱ በግማሽ እስኪቀንስ በየቀኑ ደጋገምኩት። የውሃ ኮዳዬንና ከጆሮዬ የማይለየውን ስልክ በኋላ እቤት ተውኩ፤ እነሱን ተደግፌ ስሄድ ድፍረቱ የእነሱ እንጂ የእኔ አልሆነም። የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ እየሮጥኩ በመውጣትም ልቤ ሲመታ መቀመጥን ተለማመድኩ። የልብ ሕመም፣ አስም ወይም እርግዝና ካለ ይህን ሐኪም ሳትጠይቁ አትሞክሩት።

ውሻን ወይም ከፍታን ለሚፈራም መንገዱ ይኸው ከትንሹ ፍርሃት ወደ ትልቁ የሚወጣ መሰላል ነው። ደምና መርፌ ግን ይለያል፤ የደም ግፊት ስለሚወርድ እውነትም ሊያዝለፈልፍ ይችላል። የእጅና የእግራችሁን ጡንቻ ፊታችሁ እስኪሞቅ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ አጥብቃችሁ ወጥሩ፣ ልቀቁ፣ ድገሙት።

ብቻዬን አልተወጣሁትም። የሥነ ልቦና ባለሙያ መሰላሉን አብራኝ ሠራች፤ ሐኪሙ ሰርትራሊን የተባለ የድብርትና የጭንቀት መድኃኒት አዘዘልኝ። ለመሥራት ሳምንታት ይፈጃል፤ በራሳችሁ አታቋርጡት። ዳያዜፓም የሚባለው ማረጋጊያ መድኃኒት ቶሎ ያረጋጋል፤ ግን ሱስ ያስይዛል። ቡናዬን ከአቦል አላሳልፍም። ጠበልም እሄዳለሁ፤ መድኃኒቴን ይዤ።

ለቤተሰብ አንድ ነገር። እህቴ ድሮ ፊቴን ስታይ «በቃ እንውረድ» ትለኝ ነበር፤ ከፍቅር ነው። ባለሙያዋ ሌላ አስተማረቻት። ሲኤምሲ አካባቢ እጄን ይዛ «ስንት ደረሰ?» አለችኝ።

«8»።

ትንሽ ቆይታ፣ «አሁንስ?»

«6»።

አያት ስንደርስ 3 ነበር።